ሙኒራ አምስት ሰው

ሙኒራ ሞተች ብለው ሲደውሉልኝ ቀድሞ ከአፌ የወጣው ቃል «ውሸቷን ነው!» የሚል ነበር።

የደወለው ዘሪሁን ነው፤ ቡታጅራ አብረን ያስተማርን የሒሳብ መምህር። ምን እንዳልኩ ሲገባን፣ አላህም እግዜርም ይቅር ይበሉን፣ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ሳቁ ሲያልቅ ዘሪሁን ማልቀስ ጀመረ። «ሁለት ወር ነው የታመመችው፤ ትናንት ከሰዓት ቀበርናት» አለኝ። «አባቷ ደግሞ ያ ቲቸር ይምጣልኝ ብለዋል።»

ያ ቲቸር እኔ ነኝ። ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ከቡታጅራ ከወጣሁ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በነጋታው በጠዋት ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ስለ እሷ ሳስብ አንዴ ፊቴ ሲኮሳተር አንዴ ጥርሴ ሲገለጥ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቦርሳቸውን ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ አሸሹት።

ከደብረ ታቦር ዕጣ ወጥቶልኝ ቡታጅራ የጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ስመደብ ደርግ ከወደቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ሙኒራ ሸምሱ ከጀርመን አገር ተመልሳ የቤተ መጻሕፍታችን ሠራተኛ የሆነችው ከዚያ አራት ዓመት ቆይቶ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፀ ጎርናና ልጅ። ከጀርባዋ «ዝምታ!» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በግቢው ውስጥ ግን ከእሷ በላይ የሚጮህ ሰው አልነበረም። ወሬ ልትጀምር ስትል ግራ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና ከሻሿ ሥር የሰካችውን እርሳስ ትመዛለች። ያን ጊዜ የሚያነበው ሁሉ መጽሐፉን ይከድናል።

ጀርመን የሄደችበት ምክንያት ቀላል ነው። እንሴኖ አካባቢ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍሩ ጀርመናዊ ባልና ሚስት ነበሩ። ሙኒራ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ውጤት ስላልመጣላት ሁለት ልጆቻቸውን ትይዝ ነበር። አገራቸው ሊገቡ ሲሉ ልጆቹ ያለ ሙኒራ እህል አንቀምስም ብለው አመፁ። ይዘዋት ሄዱ፤ እዚያም ሁለት ዓመት ኖረች።

«የሥራው ስም ኦፔር ይባላል» ትላለች። «ልጅ ትይዛለህ፣ ቋንቋ ትማራለህ፣ ከእነሱ ጋር አንድ ገበታ ትቀርባለህ፣ ቅዳሜና እሁድ የራስህ ነው።»

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ከተማው እንደምንም ዋጠላት። አራተኛው ግን ጉሮሮ ላይ ቀረ።

«ቅዳሜና እሁድ ልጆቹን ማን ይይዛል?» ይሏታል።

«እናትና አባታቸው።»

«ታዲያ አንቺን ምን ሊያደርጉ ወሰዱሽ?»

ሰው አይፈረድበትም። ከእኛ ሠፈር ውጭ አገር ለሥራ የሄዱ ልጆች ሁሉ የሄዱት ቤሩትና ጅዳ ነው። የሙኒራ የአጎቷ ልጅ ቤሩት ሁለት ዓመት ኖራ ስትመለስ ከተማው እንዴት ነው ብለው ቢጠይቋት፣ «ከወጥ ቤቱ መስኮት አንድ የመንገድ መብራት ይታየኝ ነበር» ብቻ ነው ያለችው። ሙኒራ ደግሞ መጥታ ፓሪስን፣ ቬኒስን፣ ብራስልስን እንደ ጎረቤቶቻችን እንደ ቆሼና እንደ ወልቂጤ ትቆጥራለች። ማን ይመን?

ስለ አገሩ የምታወራው ደግሞ እንደ መጽሐፍ አይደለም። ፓሪስ ስላለው የብረት ማማ ብንጠይቃት፣ «ያን ሁሉ ብረት አቁመው አንድ ቆርቆሮ አልመቱበትም፤ ዝናብ ደበደበኝ» አለች። ቬኒስን ክረምት የገባበት ከተማ መስሏት ውኃው መቼ እንደሚጎድል ስትጠይቅ ነው የዋለችው። እዚያ አገር በገባች በመጀመሪያው እሁድ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ስታይማ ትልቅ ሰው የሞተ መስሏት፣ ሻሿን ዝቅ አድርጋ ሳትስቅ ዋለች። ማታ የቤቱን እመቤት «ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» ብትላት «እሁድ ነው» አለቻት። ሙኒራ ይህን ስትጨርስ ሁልጊዜ እጇን አገጯ ላይ ታደርጋለች። «ወላሂ እስካሁን ያልገባኝ፣ እሁድ ሱቁን የሚዘጋ ሕዝብ በምን በልጦን ነው የበለጸገው?»

ዋናው ወሬዋ ግን የትኬቱ ነው።

ይሄን ለመረዳት አባቷን ማወቅ ያስፈልጋል። ጋሽ ሸምሱ የቡታጅራ መናኸሪያ ተራ አስከባሪ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት እዚያች አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ተጣርተዋል። «አዲስ! አዲስ! አዲስ!» ሲሉ ገበያው ውስጥ በርበሬ የምትሰፍር ሴት ሳትቀር ቀና ትላለች። ሳይሞላ መኪና ከመናኸሪያ ከወጣ ምሳ አይበሉም ይባላል። ሞልቷል ካሉ ደግሞ ሞልቷል፤ ሾፌር ዞሮ አይቆጥርም። «ሞልቷል! ሳበው!» ሲሉ ሞተር ይነሣል። ሙኒራ በልጅነቷ ምሳቸውን እያመላለሰች ያደገችው በዚያ ጩኸት መሀል ነው።

«የመጀመሪያው ቅዳሜ ኮሎኝ ባቡር ጣቢያ ሄጄ ትኬት ሻጯን ርካሹን ስጪኝ አልኳት» ትላለች፣ እርሳሷን እያሽከረከረች። «ሰጠችኝ። የቅዳሜና እሁድ ትኬት ነው፤ አምስት ሰው ይይዛል አለችኝ። እኔ አንድ ነኝ አልኳት። ግድ የለም፣ ለብቻሽም ይሆናል አለችኝ። ይሆናል? አራት ወንበር ባዶ ይዤ? የሸምሱ ልጅ?»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?» ይላል ዘሪሁን፤ ለመቶኛ ጊዜ እየሰማው።

«ምን አደርጋለሁ፤ መሳፈሪያው ላይ ቆምኩና ተጣራኋ! አኽን! አኽን! አኽን! አራት ሰው የቀረ!»

አኽን ባቡሩ የሚሄድበት ከተማ ስም ነው። ሙኒራ ይሄን ስትጮህ የቤተ መጻሕፍቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ርዕሰ መምህሩ ከቢሯቸው ብቅ ይላሉ።

«ጀርመን ጣቢያ ውስጥ ሰው ሲጣራ ሰምቶ አያውቅም። ሁሉም ዞረ። መጀመሪያ አንድ ተማሪ መጣ። ከዚያ ጊታር ያዘለች ልጅ። ከዚያ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ከዘራ የያዙ። ሞላ! ይሄኔ የደንብ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ገስግሶ መጣ። ምን እያደረግሽ ነው? አለኝ። እየሞላሁ ነው አልኩት። ምኑን? ትኬቱን። ትኬቱን አገላብጦ አየው፤ አምስት ሰው ይላል። ቆጠረን፤ አምስት ነን። እጁን ቆቡ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝና ሄደ። ከዚያ በኋላማ ደንበኛ አፈራሁ፤ እኔ ቅዳሜ ብቀር እነዚያ ባለ ከዘራዎቹ ይቀየሙኝ ነበር።»

ባል አላገባችም። ለምን ሲሏት «አራት ሰው ይቀረኛል» ትላለች።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። እኔ በዚች ልጅ እቀና ነበር። ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ጂኦግራፊ አስተምሬ፣ ከአገሬ ወጥቼ አላውቅም። የአውሮፓን ወንዞች በቃሌ እደረድራለሁ፤ አንዱንም በዓይኔ አላየሁም። የአውሮፓ ካርታዬም ከደርግ የተረፈ ነው፤ ጀርመን በላዩ ላይ ገና ሁለት ናት። እሷ ግን የቤተ መጻሕፍቱን መስኮት ጠርጋ ቁጭ ትልና ራይን ወንዝ ጫማዋን እንደወሰደባት ታወራለች።

አንድ ቀን ሻይ ሰዓት ላይ መምህራን ማረፊያ ገባችና እርሳሷን መዛ «እኔ ሦስት አገር ላይ ባንዴ ተቀምጬ ቆሎ በልቻለሁ» አለች።

«እንዴት ሆኖ?» አልኳት።

«ከአኽን ወጣ ብሎ ጫካ ውስጥ ድንጋይ ተተክሏል። በዚህ በኩል ጀርመን፣ በዚህ ቤልጅየም፣ በዚህ ሆላንድ። ሄጄ ቁጭ አልኩበት።»

«ድንበር ላይ?»

«ድንበር ላይ።»

«ወታደሩስ?»

«ወታደር የለም። አይስክሬም የሚሸጥ ሰውዬ ነው ያለው።»

ጊዜው ሰሜን ድንበር ላይ ጦርነት የተጀመረበት ነው። ከመሀላችን ወንድማቸው የዘመተባቸው ነበሩ። ድንበር ሲባል የሚታየን ምሽግና ፈንጂ ነው እንጂ አይስክሬም አይደለም። እኔም ጊዜዬ እንደደረሰ ገባኝ። ካርታዬን አምጥቼ ግድግዳው ላይ ዘረጋሁና፣ «እስቲ አሳዪን» አልኳት።

ጠጋ ብላ አየችው። ካርታው የተቀደደበትን ቦታ በፕላስተር ለጥፌው ነበር። ጣቷን ፕላስተሩ ላይ አሳረፈችና፣ «ውይ ቲቸር! የተቀመጥኩበት ላይ ፕላስተር ለጥፈህበታል» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። መስኮት ላይ የተንጠለጠሉ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ሳቁብኝ። ደሜ ፈላ። «ስሙ!» አልኩ፣ የክፍል ድምፄን አውጥቼ። «እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ እንዲህ ያለ ድንበር በዓለም ላይ የለም። አምስት ሰው የሚጭን ትኬትም የለም። እንኳን ቤልጅየም፣ ይህች ልጅ ካሠሯት ቤት ደጃፍ መውጣቷን እጠራጠራለሁ። ሙኒራ አምስት ሰው!»

ስሙ እዚያው ተጣበቀባት። ሙኒራ እርሳሷን መልሳ ሻሿ ሥር ሰካችና ወጣች። ወሬዋን ሳትጨርስ እርሳሷን ስትመልስ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወሬ በቡታጅራ ከመኪና ይቀድማል። በሦስተኛው ቀን በመናኸሪያው ሳልፍ ጋሽ ሸምሱ ጠሩኝ፤ ከአግዳሚያቸው ገፋ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ልጃቸውን ስላዋረድኩ ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

«ቲቸር፣ አንተ የተማርክ ነህ» አሉኝ። «ለእኔ ለብቻዬ እውነቱን ንገረኝ። ሙኒራ የምታወራው ሁሉ ውሸቷን ነው፣ አይደል?»

«ነው» አልኳቸው፣ ደረቴን ነፍቼ።

«አውቄዋለሁ» አሉና መሬት መሬት አዩ። «እንደ ወንድሜ ልጅ ተቆልፎባት ነው የኖረችው። እኔ እንዳላዝን ብላ ነው ይሄን ሁሉ የምትፈጥረው። ሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ ቲቸር። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄን እስር ቤት ልኬ፣ እዚህ ቁጭ ብዬ ለሌላ ሰው መኪና ስሞላ ነበር።» ዓይናቸውን በኩታቸው ጠረግ አደረጉ። «ሲስቁባት እስቃለሁ፤ ካልሳቅኩ ማወቄን ታውቅብኛለች። አንተ ግን ሁለተኛ እንዳትነካት። አደራ።»

ቃል ገባሁ። ያን ጊዜም ልክ ነኝ ብዬ ነው የማምነው። ሙኒራም ወሬዋን አላቆመችም። ለካ የምትለፋው ለእኛ አልነበረም። ወሬ ስትጨርስ ሁልጊዜ፣ «ይሄን ለአባቴም ነገርኩት፤ ሳቀ፣ ግን አላመነኝም» ትላለች። ነገሩን እንደ ቀልድ ነበር የምሰማው።

ዓመታት አለፉ። ከሚሊኒየሙ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ አንድ የጀርመን ትምህርት ቤት ከእኛ ጋር እህትማማች ሆነና አንድ መምህር ለሁለት ሳምንት ጋበዘ። ዕጣ ተጣለ። የወጣው ለእኔ ነው! ትምህርት ቤቱ ያለው ከኮሎኝ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ ነበር። ሙኒራ ስትሰማ ቂም የሚባል ነገር ፊቷ ላይ አልነበረም። እስከ መኪናው ሸኘችኝና፣ «ቅዳሜ ትኬቱን ግዛ» አለችኝ። «ብቻህን እንዳትሄድ ግን ቲቸር። ባዶ ወንበር ያሳፍራል።»

ቅዳሜ ጠዋት ኮሎኝ ጣቢያ ሄድኩ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የሄድኩት ትኬቱ አለመኖሩን ላረጋግጥ ነው። «የቅዳሜና እሁድ ትኬት አለ?» አልኳት ትኬት ሻጯን ሴትዮ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። አወጣችና ሰጠችኝ። አምስት ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ። «አምስት ሰው» አለችኝ።

መሳፈሪያው ላይ ትኬቱን እንደ ሞት መርዶ ይዤ ቆምኩ። ወዲያው አንድ ነገር ወሰንኩ፤ እንደ እሷ እጣራለሁ። ሌላ ካሣ የለኝም። ቀና አልኩ። አፌን ከፈትኩ። ከአሥር ዓመት በላይ ስልሳና ሰባ ተማሪ ፊት የጮህኩ ሰውዬ፣ ድምፄ ጠፋ! «አኽ…» አልኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። «አኽ… አኽ…» አንዲት አሮጊት ጠጋ አሉኝና ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ከቦርሳቸው የሳል ከረሜላ ሰጡኝ።

አመሰገንኳቸው። ከረሜላውን ኪሴ ከተትኩና ከአራት ባዶ ወንበር ጋር አኽን ሄድኩ። እየጠየቅሁ ጫካው ደረስኩ። ድንጋዩ አለ። ወታደር የለም። አይስክሬም የሚሸጠው ሰውዬም አለ፤ እንዲያውም ሁለት ሆነዋል። ቀስ ብዬ ተቀመጥኩበት፤ ግማሽ መቀመጫዬ ቤልጅየም፣ ግማሹ ሆላንድ፣ እግሬ ጀርመን። እዚያ ቁጭ ብዬ፣ የሰው አገር ልጆች እያዩኝ፣ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። የጋሽ ሸምሱ ፊት ነው የመጣብኝ።

ስመለስ ቀጥታ መምህራን ማረፊያ ገባሁና መሰከርኩ። ትኬቱ አለ፣ ድንጋዩ አለ፣ ሁሉም እውነት ነው አልኳቸው።

ዘሪሁን ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ቲቸርም ጀመረው!» አለ። ክፍሉ ፈነዳ። ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ የተነሣሁትን ፎቶ ባሳያቸው «ይሄማ ወንዶ ገነት ነው» አሉኝ። በነጋታው እኔም ስም ወጣልኝ፤ «ስድስተኛው»። ትኬቱ ላይ ተደርቤ የተጫንኩ ማለታቸው ነው። ሙኒራ ከቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሆና ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች። «እሰይ! ቅመሳት!» ትለኛለች።

እነሱስ ይሳቁ። እኔ የፈለግኩት አንድ ሰው ነው። መናኸሪያ ሄድኩና ከጋሽ ሸምሱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር የለም።

«አንተ ደግ ሰው ነህ» አሉኝ። «እሷ ለምናህ ነው። ሽማግሌ ታጽናናላችሁ።»

ፎቶውን አወጣሁ፤ ገፋ አደረጉት። ትኬቱን አወጣሁ፤ ጀርመንኛ አላነብም አሉ። ያላወራሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረኝ፤ እሱን ለሰው ላልናገር ምዬ ነበር። ከኪሴ ከረሜላውን አውጥቼ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው?»

«የሳል ከረሜላ ነው። እንደ ሙኒራ ልጣራ ብዬ አቃተኝ፣ ጋሽ ሸምሱ። ድምፄ ጠፋ። አንዲት አሮጊት ታምሜ መስሏቸው ሰጡኝ። አራት ወንበር ባዶ ይዤ ሄድኩ።»

ከረሜላውን ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ሰው የሚዋሸው ሊከበር ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ግን የመጣኸው ተዋርደህ ነው።»

«አዎ።»

«ታዲያ እውነት ነዋ!» ብድግ አሉ። «ልጄ ቅዳሜ ቅዳሜ ትወጣ ነበር?»

«ትወጣ ነበር።»

«ስትስቅ ነበር? ሰው ሰብስባ?»

«ደንበኛ ነበራት፣ ጋሽ ሸምሱ። ባለ ከዘራ ደንበኞች።»

«አልሃምዱሊላህ! አልሃምዱሊላህ!» አሉና እዚያው አግዳሚው ላይ ተመልሰው ዘጭ አሉ። እያለቀሱ ይስቃሉ። ከዚያ ሰው ልከው ሙኒራን ከሥራ አስጠሯት። እየሮጠች መጣች፤ የሞቱ መስሏት ነበር።

«አኽን እንዴት ነው የሚጣሩት?» አሏት።

እኔን አየችኝ፤ አባቷን አየች። ገባት። የአባቷ አግዳሚ ላይ ወጥታ ቆመችና ግራ ዓይኗን ጨፈን አደረገች። «አኽን! አኽን! አኽን! አራት ሰው የቀረ!» መናኸሪያው ቀጥ አለ። አንድ የቆሼ ገበሬ ዶሮውን በብብቱ ይዞ እየሮጠ መጣና፣ «በቆሼ ያልፋል?» አላት። ጋሽ ሸምሱ መሬት ላይ እስኪቀመጡ ሳቁ። ሰባት ዓመት ሲስቁላት የነበረው ሳቅ እንዳልሆነ ያን ቀን እሷም አወቀች።

እንግዲህ ይቺ ናት ሞተች የተባለችው። አርባ ዓመት እንኳን በቅጡ ሳይሞላት።

ለቅሶው እቤታቸው ነው፤ ቤታቸው ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፤ ቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው የሚለያቸው። ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ሸምሱ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ዝቅ ብዬ እጃቸውን ያዝኩና «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።

«ቲቸር ነህ?»

«ነኝ።»

«ከማን ጋር መጣህ?»

«ብቻዬን።»

«ይኸው!» አሉ ለጎረቤቶቻቸው። «ዛሬም አራት ወንበር ባዶ ይዞ!» ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሳያስበው ሳቀ፤ ከሳቁ ጋር ሴቶቹ በኩል ለቅሶ ተነሣ።

ከዱዓ በኋላ ምሳ በልተን ልሄድ ስነሣ እጄን ሳብ አደረጉኝ። «ጉሮሮህስ ተሻለህ?» አሉኝ።

«አልተሻለኝም፣ ጋሽ ሸምሱ።»

«ቢሻልህም ባይሻልህም ዛሬ ትጣራልኛለህ። ከተኛች ጀምሮ ያን ጥሪ አልሰማሁም። ሁለት ወር። እዚህ አይደለም፤ መናኸሪያ ሆነህ። እዚህ ይሰማኛል።»

እምቢ ይባላል? ወጣሁ። መናኸሪያው ውስጥ የአዲስ አበባ መኪና ቆሟል፤ የእኔን ጨምሮ አራት ወንበር ይቀረዋል፤ ሾፌሩ የድሮው ሰው ነው፣ መሪው ላይ ተደግፎ ያንቀላፋል። ቦርሳዬን ከፊት ወንበር አስቀመጥኩና ወርጄ በሩ ሥር ቆምኩ። ሱፍ ለብሻለሁ፤ ከረባት አስሬአለሁ። ተማሪዎቼ የነበሩ ሁለት ጎልማሶች ለይተውኝ «ቲቸር!» አሉኝ። አንገቴን ቀና አደረግኩ። «አኽ…» አልኩ። ያው የድሮው ነገር ሊያንቀኝ መጣ። ያን ጊዜ አግዳሚውን አየሁት፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

«አኽን!» አልኩ። ወጣ! «አኽን! አኽን! አኽን! አራት ሰው የቀረ!»

የልጅነት ድምፄ ነው የወጣው። ገበያው ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ተማሪዎቼ አፋቸውን ያዙ፤ አንዱ «ቲቸር ለቀቀ» ሲል ሰምቻለሁ። ግድ አልሰጠኝም። እንባዬ ከረባቴ ላይ እየወረደ ደጋግሜ ጮህኩ።

ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ስንት ዓመት ያልተሰማ፣ የሻከረ፣ ግን ማንም የማይስተው ድምፅ ወጣ።

«ሞልቷል! ሳበው!»

ሾፌሩ ከእንቅልፉ ባነነ። የጋሽ ሸምሱን ድምፅ ሰምቶ ዞሮ የሚቆጥር ሾፌር ቡታጅራ አልወለደችም። ሞተሩን አነሣና፣ እኔን መሬት ላይ ጥሎ፣ ቦርሳዬን ይዞ፣ ከመናኸሪያው ወጥቶ ሄደ።

ወደ ድንኳኑ ተመልሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ሸምሱ» አልኳቸው፣ «መኪናው እኮ አልሞላም ነበር። አራት ወንበር ባዶ ይዞ ነው የሄደው።»

ግራ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። «የሙኒራ ናቸው» አሉኝ።

ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ፤ እኔም አብሬአቸው።